ቱንቢ ይዘው መዋዕለ ሕፃናት የመጡት ጋሽ እሸቴ

ሰው ሲሠራ አይቶ ሳያርም ማለፍ የማይችል ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ነው። ጉድጓድ ሲቆፈር አፋፉ ላይ ቆሞ ጥልቀቱን ይገምታል፤ የአይሱዙ ጎማ ሲቀየር ብሎኑን ይቆጥራል። ቆቦ በዚህ በኩል አልተጎዳችም፤ ክቡር ጋሽ እሸቴ አሉላት።

ጋሽ እሸቴ አርባ ዓመት ግንበኛ ነበሩ። ጉልበታቸው እምቢ ሲል ሥራውን ተዉት፤ ሥራው ግን እሳቸውን አልተዋቸውም። ከሮቢት እስከ ዋጃ በመንገዱ ዳር ያልነቀፉት ግድግዳ የለም። ቱንቢያቸው፣ ያቺ በሲባጎ ተንጠልጥላ የግድግዳ መዝመም የምታጋልጥ ብረት፣ ከኪሳቸው አትጠፋም። "ቱንቢው ምን ይላል?" ይላሉ። አንዴ ሰርግ ተጠርተው የዳሱን ቋሚ ሲለኩ ሙሽራው በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው ይባላል።

ነገሩ መምህርት ራሔል ዘንድ የደረሰው በልጅ ልጃቸው በየትናየት ምክንያት ነው። የአራት ዓመቷ የትናየት መዋዕለ ሕፃናት ከገባች ወር ሙሉ አንድ ቃል አልወጣትም። ራሔል አናጺው መህዲ ዘንድ ሄዳ ቁርጥራጭ እንጨት ለመነች፤ እሱም በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ሰጣት። የትናየት እንጨቶቹን መደራረብ ስትጀምር አፏም አብሮ ተከፈተ። "ይሄ ሱቅ ነው። ይሄ በሩ ነው። ፍየል እንዳይገባ" ትላለች። ራሔል ያን ቀን ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ነበር።

በማግስቱ ጋሽ እሸቴ ልጅቷን ሊያደርሱ መጥተው በመስኮት አዩ።

"የኔ እመቤት፣ ይሄ ሱቅ መሠረት የለውም!"

በሳምንቱ ክፍሉ የግንባታ ቦታ ሆነ። ሲባጎ ተወጠረ። ስምንት ሕፃናት ተሰልፈው እንጨት ያቀብላሉ፤ ጋሽ እሸቴ ይደረድራሉ። ካሊድ የሚባል የአምስት ዓመት ልጅ ፎርማን ተሹሞ እናቱን እቤት የግንበኛ ውሃ ልክ ጠየቃት። ግድግዳው በእውነት ያምር ነበር። የትናየት ግን ጥግ ተቀምጣ እጇን ታያለች፤ ከአፏ ቃል አይወጣም።

ራሔል አልቻለችም። ሽማግሌ ላይ መቆጣት ነውር ነውና ውጭ ጠርታቸው በጨዋ ደንብ ጀመረች።

"ጋሼ፣ እርስዎ ሲሠሩ እሷ ምን ትማራለች?"

"ስህተት እንዳትማር ነዋ።"

"ልጅ ስትደራርብ እጇ ሚዛን ይማራል። ትልቁ ከታች፣ ትንሹ ከላይ መሆኑን ራሷ ትደርስበታለች። ሲፈርስባት ደግሞ እንደገና መጀመር ትለምዳለች።"

"ሲፈርስ እያየሁ ዝም ልበል? ግንበኛ ነኝ እኮ ልጄ።"

"እርስዎን ሙያውን ማን አስተማረዎ?"

ጋሽ እሸቴ ቱንቢያቸውን በእጃቸው አገላበጡ።

"የመጀመሪያ ግድግዳዬ ሦስት ጊዜ ፈርሷል" አሉ ቀስ ብለው። "ሙያ ያስተማረኝ ጌታዬ ምንም አላለኝም። ድንጋዩን ብቻ መልሶ አቀበለኝ።"

"እንግዲያው ዋስ ይጥሩ" አለች ራሔል። "አንድ ጠዋት ዝም ሊሉ።"

ዋስ ጠርቶ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው በአገሩ አይከበርም። ጋሽ እሸቴ የበሩን ጥበቃ ደጀንን ጠሩ። ደጀን ራሱን ነቀነቀ። "ምነው ጋሼ፣ በሚቻል ነገር ዋስ ቢያደርጉኝ" አለ።

በነጋታው ከመስኮቱ ውጭ ወንበር ተሰጣቸው። ሲባጎው ተፈታ፤ እንጨቱ ምንጣፉ ላይ ተዘረገፈ። የትናየት ብዙ ቆይታ ሁለት እንጨት አቆመች፤ ሦስተኛውን በላያቸው ልታጋድም ብትል አልደረሰም። ወደቀ። ጋሽ እሸቴ ሽርጣቸውን ጨበጡ። ደገመችው፤ ወደቀ። ላብ አጠመቃቸው። ደጀን ከበሩ ሆኖ ከንፈራቸውን በዓይኑ ይጠብቃል። ሦስተኛ ጊዜ ልትሞክር ስትል ልጅቷ ዞር ብላ አያቷን አየች። ጋሽ እሸቴ ጣሪያውን አዩ። በሕይወታቸው ከዚያ የከበደ ድንጋይ አንስተው አያውቁም።

የትናየት ሁለቱን ቋሚዎች አቀራረበቻቸው። ሦስተኛው ተጋደመ፤ ቆመ።

"ድልድይ ነው" አለች። "ወደ ጎብዬ የሚሄደው መኪና የሚያልፍበት።" ከዚያ እጇን በመስኮቱ ዘረጋች። "አባባ፣ ቱንቢውን አቀብለኝ።"

አቀበሏት። ልክ እንደሳቸው አንድ ዓይኗን ጨፍና ለካች።

"ቱንቢው ምን ይላል?" ስትል ጠየቀቻቸው።

ድልድዩ አንድ ጣት ያህል ዘሟል። ጋሽ እሸቴ ደጀንን አዩ፤ ደጀን ራሔልን አየ፤ ራሔል ይናገሩ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

"ይቆማል" አሉ። የዘመመ ነገር ሲያሳልፉ የመጀመሪያቸው ነው። ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉ።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ከወንበሩ የማይጠፉት ጋሽ እሸቴ ሰኞና ማክሰኞ ለቅሶ ሄደው ቀሩ። የትናየት ስትሠራ ስታወራ ዋለች፤ ራሔል ግን ሁለቱንም ቀን ሳታስበው ባዶውን ወንበር ደጋግማ ታይ ነበር። እሮብ ሲመጡ ወንበሩን ከመስኮቱ ውጭ አጡት። ራሔል ወደ ውስጥ አስገብታ ከእንጨቶቹ አጠገብ አድርጋዋለች።

"ዋስነቴ ወረደልኝ ማለት ነው?" አለ ደጀን ከበሩ።

"አልወረደም" አለች ራሔል። "ጋሼ፣ ይግቡ። ያቀብሉ።"