ሰባተኛዋ ምት

የሰው አገር ሙዚቃ እንደያዘው ሰው አስቸጋሪ ፍጡር የለም። የራሱን አገር ሙዚቃ የሚወድ ሰው ቢያንስ ተነስቶ ይጨፍራል፤ የሰው አገር ሙዚቃ የያዘው ግን ሲያርም ይውላል። "ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው" የተባለው ለወዳጄ ለክፍሉ ይመስለኛል።

ክፍሉ ቀን ቀን እዚህ ፈረንጅ አገር፣ አርሊንግተን ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ሰላማዊ መሐንዲስ ነው። ሐሙስ ከሥራ መልስ ግን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ይወርድና ባላምባራስ ክፍሉ ዘቡልጋሪያ ይሆናል። ታምቡራ የሚባል፣ አንገቱ የረዘመ ባለክር መሣሪያ ይመታል። ጓዶቹ ክላሪኔት የሚነፋ ጡረተኛ የጥርስ ሐኪምና ከበሮ የምትመታ ጠበቃ ናቸው። የቡልጋሪያ፣ የግሪክና የቱርክ የገጠር ዘፈን ይጫወታሉ። ከመካከላቸው የነዚያ አገሮች ተወላጅ አንድም የለም፤ ቢኖር ኖሮ በእርማት ብዛት ይለቅ ነበር።

ክፍሉ ዘፈን ሲሰማ የመጀመሪያ ጥያቄው "የየት መንደር ነው?" ነው። አገር ብቻ አይበቃውም። እዚሁ ቅርባችን ባለችው አሌክሳንድሪያ አንድ የግሪክ ምግብ ቤት ይዤው ብሄድ፣ ባለቤቱ እያንጎራጎረ ውሃ ሲቀዳልን አስቆመው። ሰውየው ዘፈኑን እናቱ እንዳስተማሩት ተናገረ። ክፍሉ በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀና "እናትህ ተሳስተዋል" አለው። ያዘዝነውን በግ ሳንቀምስ ወጣን።

ሁለተኛው አባባሉ "ሰባት ነው" የሚለው ነው። የሚወደው ዘፈን ምቱ ሰባት ነው፤ የእኛ የሐበሾች እጅ የሚያውቀው ደግሞ ስድስት ነው። ስለዚህ ቤቱ ጋብዞን ሲጫወት፣ ስናጨበጭብለት በየዙሩ አንድ ምት ቀድመነው እንደርሳለን። ያቆማል። "ሰባት ነው። ቁጠሩ እንጂ አታጨብጭቡ" ይልና እንደገና ይጀምራል። አንድ ፋሲካ አሥራ አንድ ጊዜ አቁሞ ዶሮው ቀዘቀዘ።

ልጁ ሐሴት ልታገባ ሆነ። ክፍሉ ለሠርጓ የሚሆን አንድ የቡልጋሪያ የሙሽራ ዘፈን ሦስት ዓመት ተለማምዷል፤ የጀመረው ሙሽራው ሳይገኝ ነው።

"አባ፣ ዋን ሶንግ" አለችው። "ጀስት ዋን። ግን ስቶፕ አድርገህ ሰው ከረክት ካደረግክ ዲጄው ይቀጥላል። አይ ሚን ኢት።"

ወዲያው እኔን ኮል አደረገኝ። "መጥሪያው ላይ ማጨብጨብ ክልክል ነው ብዬ ላስጽፍ?"

"ሐበሻ ነው፤ ተጽፎም ያጨበጭባል" አልኩት። እውነቱን ለመናገር አሳዘነኝ።

የሠርጉ ዕለት አናንዴል አዳራሽ ውስጥ ጓዶቹን አስከትሎ ጀመረ። ሦስት መቶ ሰው አጨበጨበ። በአንደኛው ዙር አንድ ምት ቀደምነው፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው ማን የት እንዳለ ጠፋ። ክፍሉ እጁን ከክሩ አነሳ። ሐሴት ዓይኗን ጨፈነች። ዲጄው ማዳመጫውን አጠለቀ።

አዳራሹ መሃል ግን አንድ ሰው ቆመው ነበር። የክፍሉ አማት እማማ አፀደ ናቸው፤ ስካይላይን የሚባለው ሕንፃ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ከወንበር ሲነሱ ሁለት ሰው የሚደግፋቸው። ለልጅ ልጃቸው ሊጨፍሩ ብቻቸውን ተነስተው ዘፈኑ ተቋረጠባቸው።

"ክፍሉ ልጄ፣ ጉልበቴ ሳይከዳኝ ምታው እንጂ" አሉት።

አማቱን አየ፤ ልጁን አየ። ከንፈሩ "ሰባት" ሊል ሲከፈት አይቻለሁ። ዋጣትና መታ፤ ሰባተኛዋን ምት ጥሎ። ዜማው ያው የሦስት ዓመቱ ዜማ፣ ምቱ ግን የእኛው ስድስት። የጥርስ ሐኪሙ ሁለት ዙር ግራ ተጋብቶ ቆጠረና ተከተለው። እማማ አፀደ ትከሻቸውን ሰበቁ፤ ሐሴት ቬሏን ጥላ ከፊታቸው ገባች። እኔም ይህን ነዝናዛ ሰው ምን ያህል እንደምወደው ያኔ ገባኝ፤ እንባዬ መጣ።

ሰኞ ደወልኩለት። የዘመናት እርማቱን አንድ ቀን መመለስ ነበረብኝ።

"ያ የሠርጉ ዘፈን የየት መንደር ነው?" አልኩት።



"የስካይላይን ነው" አለኝ። "አሥራ አራተኛ ፎቅ።"