ወደ መሬት የሚተነፍስ ፍሬን

ከተማችን በጨዋነቷ አቻ የላትም። ይህን የምናገረው የከተማዋ የጠመንጃና የዓሣ ማስገር ማኅበር ሊቀ መንበር እንደ መሆኔ መጠን፣ ኃላፊነት በተሞላበት መንፈስ ነው። በሞንታና ተራሮች ሥር ያሉ ሌሎች ከተሞች ባለሙያ ሲያጠፋ “አጠፋህ” ይሉታል አሉ። አያሳየን። የእኛ ሰው ይሉኝታ ያውቃል። አናጢው የቤተ ክርስቲያናችንን በር እጀታ ከጉልበት በታች ገጠመልን፤ እኛም ይኸው ስንት ዘመን ጎንበስ እያልን እንገባለን። ፓስተራችን ምእመናኑ ትሕትና ጨመሩ ብለው ሲሰብኩ እንባ ተናንቋቸዋል። ለአናጢው ግን ማንም ትንፍሽ አላለም፤ ዝም አይነቅዝም።

ከዚህች ጨዋ ከተማ ጨዋዎች መካከል ደግሞ ደልበርትን የሚያህል አልነበረም። ደልበርት የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ልጆቹ ጆሮው ሥር ሲጮኹ እንኳ ዞር ብሎ የሚያያቸው ይቅርታ በሚጠይቅ ዓይን ነው። በዚህ ዓለም ላይ የሚመኘው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ የተራራውን አውራ በግ፣ ያንን ቀንዱ ጉንጩ ላይ ተጠምዝዞ የሚዞረውን፣ አንድ ጊዜ ማደን። በጉን የማደን ፈቃድ የሚገኘው በዕጣ ነው። አባቱ ዕድሜ ልኩን ዕጣ ውስጥ እየገባ ሳይወጣለት አረጀ፤ ሊሞት ሲል ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ ምስማር መታና “አንተ ከደረሰህ ቀንዱን እዚህ ትሰቅልልኛለህ” አለው። ምስማሩ ከዚያ ወዲህ ባዶውን ኖረ። ሚስቱ ኖሪን ምስማሩ ላይ የእናቷን የግድግዳ ሰዓት ለመስቀል በለመነች ቁጥር ደልበርት ፊቱ ይለዋወጥ ነበር፤ እሷም ትተወው ነበር።

ዘንድሮ በጸደይ ዕጣው ወጣለት። ደልበርት ደስታውን የገለጸው የአውቶቡሱን ክላክስ ከድልድዩ እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሳያቋርጥ በመንፋት ነው። ችግሩ ትከሻው ነው። አምና ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል፤ የአባቱ ጠመንጃ ደግሞ ክፉኛ ይራገጣል። እንግዲህ የአፈሙዝ ፍሬን ሊያስገጥም ሆነ።

ፍሬን የሚባለው ከጠመንጃው አፍ ላይ የሚጠለቅ የአውራ ጣት ያህል ብረት ነው። ከላይና ከጎንና ከጎኑ ቀዳዳ አለው። ጥይት ሲተኮስ የባሩዱ ጋዝ በነዚያ ቀዳዳዎች ይወጣና ጠመንጃው እንዳይራገጥ፣ አፉም ሽቅብ እንዳይዘል ይይዘዋል። ሆዱ ድፍን ነው፤ ሰው በደረቱ ተኝቶ ሲተኩስ አፈር እንዳያስነሣበት። ይህን የማያውቅ በከተማችን ውስጥ ጡት የጣለ ልጅ አይገኝም።

ጠመንጃ ሠሪያችን ሚስተር ሃስከል ፍሬኑን ገልብጠው ገጠሙት። ሆዱ ሰማይ ሰማይ ያያል፣ ቀዳዳዎቹ መሬት መሬት ያያሉ።

ሚስተር ሃስከል ማለት ሁላችንንም በልጅነታችን ቃታ መሳብ ያስተማሩን፣ ነጭ ጢማቸው የቆዳ ሽርጣቸው ላይ የሚወርድ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ጠመንጃው በተሞከረበት ቅዳሜ እሳቸውም መተኮሻ ሜዳው ድረስ መጥተው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ደልበርት በደረቱ ተኛ፤ አነጣጠረ፤ ተኮሰ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም፤ ምክንያቱም ማንም አላየም። ሜዳው በሙሉ አቧራ ሆነ። የጠመንጃው አፍ ወደ ሰማይ ዘለለ፤ የደልበርት ባርኔጣ የገባበት ጠፋ፤ በእጄ የያዝኩት ቡና አፈር ሞላው። አቧራው ሲረግብ ደልበርት ጥርሱ ብቻ ይታያል።

ሚስተር ሃስከል “እህስ?” አሉ።

ደልበርት አፉ ውስጥ የገባውን ሣር አወጣና “ኃይለኛ ነው” አለ።

“ትከሻህንስ?”

“ትከሻዬንስ ምንም አላለኝ።” እውነቱን ነው፤ ያቃጠለው ዓይኑን ነው።

“አየህ፣ ጋዙ መሬቱን ሲገፋ ጠመንጃውን ከሥር ደገፍ ያደርገዋል” አሉ ሚስተር ሃስከል በእርጋታ። “ጥይቷስ የት አረፈች?”

ዒላማውን አየነው። እንደ ተሰቀለ ንጹሕ ወረቀት ነው። ከኋላው ያለውንም ኮረብታ በመነጽር ፈተሽነው፤ ጥይት የነካው ነገር አላገኘንም። ደልበርት አንገቱን ደፍቶ አልታየችም አለ። ሚስተር ሃስከል ይህን እንደ ትልቅ ውጤት ቆጠሩት፤ እኛ ካላየናት በጉም አያያትም ብለው ወደ ሱቃቸው ተመለሱ።

በዚህን ጊዜ ሊቀ መንበሩ ዝም ማለት አልነበረበትም፤ አላለምም። እዚያው አንድ የእንጨት ሣጥን ላይ ወጥቼ፣ ሌላው ዓለም ባሩዱን ወደ አየር በከንቱ ሲበትን የእኛ ከተማ ግን ወደ ገዛ መሬቷ የሚተነፍስ ፍሬን ባለቤት በመሆኗ የተሰማኝን ኩራት ገለጽኩ። አዳኙን ከአውሬው ዓይን የሚሰውረው አቧራም የአሠራሩ አካል እንጂ እንከን አለመሆኑን አስረዳሁ። ጭብጨባው ሞቅ ያለ ነበር፤ ግማሹ ሰው ግን የሚያጨበጭበው ልብሱን እያራገፈ ነበር።

ከዚያ ወዲያማ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። ቀዳዳው ወደ ላይ የሆነ ፍሬን ይዞ ሜዳ መምጣት ሚስተር ሃስከልን ፊት ለፊት እንደ መስደብ ተቆጠረ፤ እናም የማኅበሩ አባል ሁሉ ጠመንጃውን ለሳቸው እየሰጠ አስገለበጠ። እኔም አስገለበጥኩ፤ ግራ ዓይኔ እስከ ዛሬ ያለቅሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ የመዋኛ መነጽር አድርገን፣ አፍንጫችንን በመሐረብ አስረን እንተኩስ ጀመር። በአጥር የሚዋሰነን ገበሬ ለስንዴ የምናርስለት መስሎት አንድ ቀን በፈገግታ አመሰገነን።

ከከተማው ሁሉ ያልተደሰተች ኖሪን ብቻ ነበረች። የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ኃላፊ ናት፤ ለጨዋነት እምብዛም ጊዜ የላትም። የአደኑ ወቅት ሊከፈት ሲል ደልበርት በረንዳ ላይ ከጆሮው አሸዋ ሲያወጣ ደረሰችበት።

“ደልበርት፣ ሰውዬው ገልብጠውታል።”

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ ሂድና ንገራቸዋ!”

“ምን ብዬ?”

“‘ገልብጠውታል’ ብለህ።”

“አንቺ ደግሞ! አባቴ ሲሞት እኮ ሬሳ ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እሳቸው ናቸው።”

“እሱንም ገልብጠው ነበር እንዴ የተሸከሙት?”

ደልበርት ትንሽ አሰበና አይደለም አላት። ኖሪን ከዚህ በላይ አልተከራከረችም፤ ከጋራዡ መፍቻ አመጣች፤ የፍሬኑን ማጥበቂያ አላላች፤ ብረቱን ግማሽ ዙር አዞረችና መልሳ ጥርቅም አድርጋ አጠበቀችው። ከዚያ ከጓሮው ወዲያ ሜዳው ላይ ባዶ የባቄላ ቆርቆሮ አስቀመጠችለትና ጠመንጃውን አስይዛ በደረቱ አስተኛችው። ተኮሰ። ቆርቆሮው ከዓይን ጠፋ፤ አፈር የሚባል ነገር ንቅንቅ አላለም፤ ትከሻውም ደህና ነው። ደልበርት ተነሥቶ አቀፋት። እሷም በጉን ሲያመጣ ከጉበቱ በሽንኩርት እንደምትጠብስለት ነገረችው።

አሁን እንግዲህ የከተማችን ጥንታዊ ልማድ ይመጣል። ወደ ትልቅ አደን የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ሚስተር ሃስከል ሱቅ ጎራ ይላል። እሳቸው ጠመንጃውን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው ያዩና፣ አንዲት ጠብታ ዘይት ጣል አድርገው መልካም ዕድል ይሉታል። ኖሪን ሱቁን ትተን በወንዙ ማዶ ባለው መንገድ እንድንሄድ ለመነችን። ደልበርት ግን “ሚስተር ሃስከል መኪናዬን አይተው ‘ሳይሰናበተኝ ሄደ’ ይላሉ” አለ። ረዳቱ ሆኜ የምሄደው እኔ ነበርኩ፤ ሊቀ መንበር ልማድ አያፈርስምና እኔም ደገፍኩት። ኖሪን “መከራ ይምከራችሁ” ብላ በሩን ዘጋችው።

ሚስተር ሃስከል ጠመንጃውን ተቀበሉ። የፍሬኑን ቀዳዳ ወደ ላይ አፍጥጦ ሲያዩት ቀለማቸው ተለወጠ።

“ማነው እንዲህ ያደረገብህ?”

ደልበርት ወደ እኔ አየ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

“መንገዱ… መኪናው ሲንገጫገጭ ዞሮ ይሆናል” አለ።

ሽማግሌው ለማንኛውም ቀድሞ መምጣቱ በጀው አሉና ማጥበቂያውን ፈቱ። ብረቱን ግማሽ ዙር መለሱት፤ ጥርሱ ላይ የብረት ሙጫ ቀቡት፤ በእሳት አሞቁት፤ በትልቁ መፍቻ ሁለት እጃቸውን አሳርፈው እስኪያቃስቱ ድረስ አጠበቁት። “በል፣ አሁን ሰይጣንም አይፈታው” አሉ።

“እግዚአብሔር ይስጥልኝ” አለ ደልበርት።

ተራራው ላይ ብዙ ተንከራተትን። ወቅቱ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከገደሉ ማዶ አየነው። እኔ ብዙ አውራ በግ በመነጽር አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። ቀንዱ ሙሉ ዙር ዞሮ ጫፉ ተሸርፏል። ነፋስ የለም። በጉ ጎኑን ሰጥቶን ቆሟል። ደልበርት ደረቁ አፈር ላይ በደረቱ ተኛ፤ ሲያነጣጥር ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ አባቱን እያናገረ ነበር።

ተኮሰ። ጠፋን። እየሳልን፣ እያነጠስን አቧራው እስኪረግብ ጠበቅን። በጉ አልተነቃነቀም፤ ቀና ብሎ ያየናል። ሁለተኛ ተኮሰ፤ ይኸኛው ባሰ። ተንበርክኮ ልሞክር ብሎ ሦስተኛውን ሲለቅ ጠመንጃው ሽቅብ ዘሎ ከእጁ ሊያመልጥ ሆነ። በጉ በቃው መሰለኝ፤ ሳይቸኩል፣ አንዴም ሳይሮጥ ጋራውን ተሻግሮ ሄደ። ማታውኑ በረዶ ጣለና ተራራው ተዘጋ።

ደልበርት ተቀምጦ አለቀሰ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። እንባው በአፈሩ መሐል ሁለት መንገድ አወጣ። አጠገቡ ተቀመጥኩና ትከሻውን ይዤ፣ እንደ ጓደኛም እንደ ሊቀ መንበርም ሁለታችንን የሚያስጨንቀንን ጥያቄ ጠየቅሁት።

“ለሚስተር ሃስከል ምን እንላቸዋለን?”

“በጉ አልቆም አለ በላቸው” አለኝ።

እንደዚያው አልናቸው። በዚያ መኸር ከማኅበራችን አባላት መካከል አንድ ስንኳ የገደለ አልነበረም። አጋዘኑ ከተማችን ዳር ድረስ እየመጣ የአትክልት ቦታችንን ይግጥ ጀመር። የዱር አራዊት ተቆጣጣሪው ሳይቀር መጥቶ ለተፈጥሮ ስላሳየነው ርኅራኄ አመስግኖን ሄደ። ሥጋ ያስገቡት ሚስተር ሃስከል ብቻ ነበሩ፤ እንደ ወትሮው ብቻቸውን ወጥተው፣ በአንድ ጥይት አንድ ትልቅ አጋዘን። እኛም የእጅ በረከት ነው አልን። ጠመንጃቸውን ከነማኅደሩ ይዘው ወጥተው ከነማኅደሩ ይዘው የሚገቡትንም ከትሕትናቸው ቆጠርነው።

ማኅበራችን ለክብራቸው ራት አዘጋጀ። የተበላው የሳቸው አጋዘን ነው፤ ሌላ ሥጋ አልነበረማ። ንግግር አደረግሁ፤ ረዘም ያለ ነበር። በመጨረሻም የጀግናው መሣሪያ ለትውልድ ይታይ ብዬ፣ እሳቸው እምቢ እያሉ ማኅደሩን ራሴ ፈትቼ ጠመንጃቸውን ጠረጴዛው ላይ፣ ከፍራፍሬ ኬኩ አጠገብ፣ አጋደምኩት።

ደልበርትና ኖሪን ከፊት ለፊታችን ተቀምጠው ነበር። ደልበርት ሹካውን አስቀመጠ። የፍሬኑ ቀዳዳዎች ወደ ላይ ናቸው።

ጠጋ ብሎ “ሚስተር ሃስከል፣ የርስዎ… ወደ ላይ ነው” አላቸው።

ሽማግሌው ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ስለ እግዜር ዝም በልልኝ። እጄ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የራሴን ፍሬን ባዳ ይግጠምልኝ ብዬ ታች ከተማ ላለ ጠመንጃ ሠሪ ሰጠሁት። እሱ ገልብጦ ገጠመልኝ።”

“ታዲያ ለምን አልነገሩትም?”

“ምን ብዬ ልንገረው? ደግ ሰው ነው፤ በሥራው የሚኮራ። ፊቱ ሲጠቁር ማየት አልቻልኩም። ችዬው እኖራለሁ እንግዲህ።” አንድ ጉርሻ ሥጋ ዋጡ። “የሚገርምህ ግን፣ ተገልብጦም እንኳ ስቼበት አላውቅም።”

ደልበርት ጠመንጃውን ብዙ አየው። ኖሪን በጠረጴዛው ሥር እግሩን ስትረግጠው አየሁ፤ ኧረ በል እያለችው ነው። ጉሮሮውን ጠራረገ። የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

“አይዞዎት” አላቸው። “ለማንም አልናገርም።”

ኖሪን ካፖርቷን አንሥታ ብቻዋን ወደ ቤቷ ሄደች። ደልበርት ሲገባ የእናቷ ሰዓት ምስማሩ ላይ ተሰቅሎ ይቆጥር ነበር።