ሻይ የተቀዳለት መኮንን

[እሑድ ከሰዓት፣ ሳሎን። አባወራ ሪሞቱን እንደ ልማዱ ጭኑ ሥር ሸጉጦ፣ ሪዙን እየደባበሰ ፊልም ያያል። ፊልሙ ወታደሮች በሚገዙት አገር ስለሚኖር አንድ ቤተሰብ ነው። እማወራ ከጎኑ ሆና ሻይ ትቀዳለታለች። ልጃቸው ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ነበር፤ አባወራ «እኔ እያለሁ ከዚህ ቤት ንቅንቅ የለም» ብሎ ነገሩን ዘግቶታል። ከዘጋው ወዲህ ቤቱ ሰላም ነው፤ የሚናገር የለማ።]

እማወራ፦ እንግዲህ ባለ ሪዙ አባትየው ነው ማለት ነው።

አባወራ፦ አይደለም አልኩሽ እኮ። ባለ ሪዙ መኮንኑ ነው። አባትየው ባለ መነጽሩ ነው።

እማወራ፦ ባለ መነጽሩ ጎረቤት መስሎኝ።

አባወራ፦ [ሪሞቱን አውጥቶ ፊልሙን ያቆማል] ከአንቺ ጋር ፊልም ማየት ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው። ጎረቤትየው ያ ራሰ በራው፣ የሚሰልላቸው ነው።

እማወራ፦ ምን ላድርግ፣ ጭንቅላቴ አይቀበል። መኮንኑ ታዲያ ሰው ቤት ምን ይሠራል?

አባወራ፦ ሊፈትሽ ነዋ። የቤቱ ልጅ ከአገር ሊወጣ ነው። ያለ ፈቃድ መውጣት ደግሞ ክልክል ነው።

እማወራ፦ ለምን ይከለከላል? ካማረው ይሂድ።

አባወራ፦ አየሽ፣ የአምባገነን ጠባዩ ይሄ ነው። ሰው አያምንም። ሁሉን እኔ ልወስን፣ ሁሉን እኔ ልወቅ ይላል። እኔ እንዲህ ያለ ሰው ስጠላ፣ ለጉድ ነው።

እማወራ፦ እኔም አልወደው። ሻይ ልጨምርልህ?

አባወራ፦ ጨምሪ። [ከጓዳ የሚጎተት ነገር ይሰማል] ምንድን ነው እሱ?

እማወራ፦ ልጅቷ ናት። አልጋ እያነሳች ትጠርጋለች።

አባወራ፦ ማን አዘዛት?

እማወራ፦ እኔ ነኝ፤ ሳላስፈቅድህ።

አባወራ፦ ይሁን፣ ትጥረግ። ሥራ ሥራ ስትል የከረመችው ይወጣላታል።

[በራሱ ቀልድ ለብቻው ይስቃል። ፊልሙ ይቀጥላል። የልጁ እናት ለመኮንኑ ሻይ ትቀዳለች።]

እማወራ፦ ለጠላቷ ሻይ? ይቺስ ከእኔ ትብሳለች።

አባወራ፦ [እንደገና ያቆማል፤ ማስረዳት ከሻዩ በላይ ይጥመዋል] ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሴትዮዋ ሞኝ መስላ ነው እንጂ ሞኝ አይደለችም። የማይረባ ጥያቄ እየጠየቀች ታስለፈልፈዋለች፤ ልጇ በጓሮ በር ውልቅ ይላል።

እማወራ፦ ሰውየው አይነቃም?

አባወራ፦ በምን ይንቃ? በጠየቁት ቁጥር አዋቂ የሆነ ይመስለዋል። ሹመት ጆሮ ይደፍናል። እዚያው ቤት ተጎልቶ፣ ሻዩን ፉት እያለ ያመልጠዋል። ከብት ነው እንጂ ሰው ነው?

እማወራ፦ አሁንም አልገባኝም። ልጁ በየት በኩል ነው የሚወጣው?

አባወራ፦ በጓሮ አልኩሽ፣ በጓሮ።

[የጓሮ በር ይዘጋል። ከውጭ የመኪና ሞተር ይነሳል።]

አባወራ፦ በር ተዘጋ እንዴ?

እማወራ፦ ፊልሙ ይሆናላ።

አባወራ፦ ፊልሙን አቁሜዋለሁ እኮ።

[መኪናው ይርቃል።]

አባወራ፦ ልጅቷ የት ናት?

እማወራ፦ ወደ ሥራዋ ሄደች። [ሪሞቱን ከእጁ ቀስ ብላ ትወስዳለች፤ እሱም ይለቅላታል] ስትደውል ቁጣህን ዋጥ አድርገህ አነጋግራት። እኔም ጆሮዬን ጓዳ ጥዬ ነው ሻይ ስቀዳልህ የቆየሁት።

[አባወራ ቴሌቪዥኑን ያያል። መኮንኑ ብርጭቆ እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ብርጭቆ የያዘ የራሱን እጅ ያያል። ሻዩ በርዷል።]

አባወራ፦ [ድምፁ ዝቅ ብሎ] ታዲያ እኔን... ከዚህ ሰውዬ ጋር?

እማወራ፦ እኔማ ገና ከጅምሩ ባለ ሪዙ አባትየው ነው ብዬህ ነበር። አይደለም ብለህ የተከራከርከኝ አንተ ነህ።