ሦስት ጥፋተኛ ተገኝቶ ተጎጂ ስለጠፋበት የመኪና አደጋ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን።

ቦታ፦ የሕንፃችን ምድር ቤት መተላለፊያ፣ ከደረጃው ሥር። ስብሰባው እስከ ዛሬ የሚደረገው አራተኛ ፎቅ ጸሐፊው ቤት ነበር። አሁን ወደ ታች የወረደው ለአየሩ ሲባል ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ሰዓት፦ 8 ሰዓት ተብሎ 8 ከ35 ተጀመረ።

የተገኙ፦
1. መምህርት፣ ጡረተኛ፣ አንደኛ ፎቅ፤ ሰብሳቢ
2. ልብስ ሰፊው፣ ሁለተኛ ፎቅ፤ መኪናውን ወደ ኋላ የነዳው
3. የልብስ ሰፊው ባለቤት፤ ወደ መተላለፊያው ከሚያሳየው የቤቷ መስኮት አንገቷን አውጥታ
4. ኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ የቆመች መኪናው የተገጨችበት
5. እኔ ጸሐፊው፣ አራተኛ ፎቅ

በታዛቢነት፦ የጸሐፊው ልጅ። ድምፅ የላትም፤ አፍ ግን አላት።

ምልዓተ ጉባኤ፦ አምስት ሰው ያስፈልጋል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ የልብስ ሰፊው ባለቤት ጭንቅላቷ ብቻ ስብሰባው ውስጥ ስላለ ሙሉ ሰው ልትባል አይገባም ሲል ተከራከረ። ሰብሳቢዋ የሚያስበው እሱ ነው፣ ይበቃል አሉ። ድስቷን ልታይ ስትገባ ምልዓተ ጉባኤው ይጎድላል፣ ስትመለስ ይሟላል ተብሎ ተወሰነ። ጸሐፊው በአንድ ወንበር ተቀምጦ በሌላው ላይ እግሩን ስላሳረፈ እንደ ሁለት ሰው ይቆጠር የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። ጸሐፊው ቀልዱን አልወደደውም።

አጀንዳ 1፦ ከኢንሹራንስ የመጣ ደብዳቤ

ነገሩን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ልብስ ሰፊው ከግቢ ሊወጣ የኋላ ማርሽ አስገብቶ መጀመሪያ ጸሐፊውን ነካ። ነካ እንጂ አልመታም። ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን መኪና በር አጎደጎደ። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ቃላችሁን ስጡ ሲለን ሁላችንም የጎረቤት ወግ ጠበቅን። ልብስ ሰፊው «ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ ጻፈ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው «የለም፣ እዚያ ማቆሜ የኔ ጥፋት ነው» ብሎ ጻፈ። ጸሐፊውም «ከኋላ የቆምኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ምንም አልሆንኩም» ብሎ ጻፈና ፈረመ። ተጨባብጠን ተለያየን። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ዕለቱኑ በሩን በመዶሻ አቃናው።

ሰብሳቢዋ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡ። የልብስ ሰፊው ኢንሹራንስ የሦስተኛ ወገን ነው ይላል። መኪናው የጎዳውን ሰው ያሳክማል፣ የሌላ ሰው ንብረት ላይ ያደረሰውንም ጉዳት ይሸፍናል፤ የልብስ ሰፊውን የራሱን መኪና የተሰበረ የኋላ መብራት ግን አያውቅም። ይህም የሚሆነው ጥፋተኛውና ተጎጂው ተለይተው ሲታወቁ ነው። ከዚህ በታች ያለው እንደተነበበ የተጻፈ ነው፦ «በመዝገባችን ላይ ሦስት ጥፋተኞች አሉ፤ ተጎጂ ግን አንድም የለም። ገማቻችን በቦታው ተገኝቶ የተጎዳ በር አላገኘም። የሰጠውን ቃል የሚያርም ካለ እስከ አርብ፣ የወሩ አሥራ አምስተኛ ቀን፣ ያመልክት። አለበለዚያ መዝገቡ ይዘጋል።»

ልብስ ሰፊው ኢንሹራንሱን በየዓመቱ ሳያዛንፍ ያደሰው ለዚህ እንዳልሆነ በምሬት ተናገረ። ባለቤቱ ከመስኮት፣ «ጨዋ ልሁን ብለህ ስትፈርም ማን ጠየቀህ?» አለችው። «ጋሼም ፈርመዋል!» አለ። «እሳቸው ሲዘሉ ትዘላለህ?» አለችው። ጸሐፊው ስሙ በመስኮት በኩል እንዳይነሳ አሳሰበ።

አጀንዳ 2፦ ተጎጂ ስለ መምረጥ

ሰብሳቢዋ ኢንሹራንሱ ተጎጂ አምጡ ካለ ከመካከላችን እንምረጥ የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ ተደገፈ።

ልብስ ሰፊው ጸሐፊውን ጠቆመ። «ጋሼ፣ መኪናዬ እኮ ጉልበትዎን ነው ያገኘው። በመስታወት አይቻለሁ» አለ። ጸሐፊው «ካየኸኝ ለምን ነዳህ?» ሲል ጠየቀ። ልብስ ሰፊው ያየው ከነዳ በኋላ መሆኑን አስረዳ። ጸሐፊው ዕጩነቱን አልተቀበለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከጭነት መኪና ኩንታል ሲያወርድ ኖሮ በአንዲት ሚጢጢ የቤት መኪና ተጎዳ እንዲባል ፈቃዱ አይደለም።

የልብስ ሰፊው ባለቤት እኔ ተጎድቻለሁ አለች፤ ደንግጣ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ባሏ፣ ሦስተኛ ወገን ማለት ባዕድ ሰው ነው፣ አንቺ የኔ ነሽ ሲል ተቃወመ። እሷም የሱ መሆኗን ከተጋቡ ወዲህ ገና ዛሬ መስማቷን ገለጸች። ሰብሳቢዋ ይህ ጉዳይ በሌላ ስብሰባ ይታይ ብለው አስቆሙ።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ከሕንፃው በር አጠገብ ያለው የዝናብ ውኃ መውረጃ ቱቦ የተጣመመ ስለሆነ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለማይከራከር፣ እሱ ተጎጂ ይሁን አለ። ሰብሳቢዋ ቱቦው የተጣመመው ሕንፃው ሲሠራ ነው ብለው አስታወሱ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ታዲያ ቆይቶበታላ፣ ይበልጥ ያሳዝናል አለ። ከረጅም ውይይት በኋላ ቱቦው በሦስት ድምፅ ተጎጂ ሆኖ ተመረጠ። ጸሐፊው ድምፁን ለቱቦው ሰጥቷል።

ታዛቢዋ፣ «እሺ፣ ቱቦውን ሐኪም ቤት የሚወስደው ማነው?» ብላ ጠየቀች። ድምፅ እንደሌላት ተነገራት።

አጀንዳ 3፦ በሩን ስለ ማጎድጎድና አደጋውን ስለ መድገም

ገማቹ የተጎዳ በር ስላጣ የተቃናው በር ወደ ነበረበት ጉዳት ይመለስ ተባለ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው መዶሻውን ይዞ ቀረበ። ጉድጓዱ የጎድጓዳ ሳህን ያህል ነበር አለ። ልብስ ሰፊው፣ «ስገጭህ የስኒ ማስቀመጫ ያህል ነበር። ደብዳቤ ሲመጣ ነው ሳህን የሆነው?» አለ። «መለኪያ ሜትር አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ ስትዞር በዓይንህ ትገምታለህ?» አለ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው። ሰብሳቢዋ መካከለኛ ጉድጓድ እንዲሆን ወሰኑ።

በመቀጠል ልብስ ሰፊው በሩን በመዶሻ ከማጎድጎድ ይልቅ አደጋው ራሱ እንደገና ቢደረግ እንደሚሻል አመለከተ። የመጀመሪያው በጥድፊያ የሆነ ስለሆነ ማንም በደንብ አላየውም። ሁለተኛው በዝግታ፣ ትራፊክ ፖሊስ በደብዳቤ ተጠርቶ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዞ ይሁን አለ። ሰብሳቢዋ በማስተማር ልምዳቸው ያልተለማመዱት ነገር አያምርም ብለው መጀመሪያ ልምምድ ይደረግ አሉ። በልምምዱ ላይ በጸሐፊው ምትክ ወንበር እንዲቆም ተወስኖ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው የቅርቡን ወንበር ስቦ ወሰደ። ወንበሩ የጸሐፊው እግር ያረፈበት ነበር።

በዚህ ጊዜ ጸሐፊው ድምፅ አሰማ። ድምፁ በቃለ ጉባኤው እንዳይገባ ጸሐፊው አመለከተ። ሰብሳቢዋ ይግባ አሉ። ገብቷል። «እግሬን! ወይኔ እግሬን!» የሚል ነበር። የልብስ ሰፊው ባለቤት ከሁለተኛ ፎቅ እየሮጠች ወርዳ ሙሉ ሰው ሆና ተሰበሰበች።

አጀንዳ 4፦ (ሳይያዝ የገባ) ስለ ጸሐፊው ጉልበት

ታዛቢዋ፣ «አባዬ፣ ሱሪህን ሰብስብ» አለች። ጸሐፊው ጉዳዩ በአጀንዳ አልተያዘም አለ። ሰብሳቢዋ አሁን ተይዟል አሉ። ሱሪው ተሰበሰበ። ጉልበቱ እንደተነፋ ኳስ ነው ተባለ። ጸሐፊው አባባሉ ተጋንኗል ብሎ ተቃውሞውን አስመዘገበ።

«ወደ ቤትህ ከወጣህ ስንት ቀንህ ነው?» አለች ታዛቢዋ።

ጸሐፊው በዘበኛው ክፍል የሚያድረው ለግቢው ጸጥታ ሲል መሆኑን አስረዳ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ «ጋሼ፣ ዘበኛው እኮ አልጋዬን ተነጠቅሁ እያለ ለመላው ሰፈር አውርቷል» አለ።

ታዛቢዋ ሰብሳቢዋን አስፈቅዳ ተናገረች። ሐኪም አነጋግራለች፤ ጉልበቱ ቶሎ ከታከመ ይድናል። ተጎድቻለሁ ብሎ ካመለከተና የሐኪም ወረቀት ከቀረበ ሕክምናው የኢንሹራንሱ ነው። ካልሆነ ቅዳሜ መኪና ይዛ መጥታ ወደ እሷ ቤት ትወስደዋለች፤ ደረጃ የማይወጣ ሰው አራተኛ ፎቅ አይኖርም። «ምንም አልሆንኩም ብለህ በገዛ እጅህ የራስህን በር ዘጋህ» አለችው።

ጸሐፊው የፈረመው ለልብስ ሰፊው ብሎ ነው። ሰውየው የሚያሳድጋቸው ልጆች አሉት፤ ሽማግሌ ገጨ ተብሎ ስሙ እንዲጠፋ አልፈለገም።

ልብስ ሰፊው ተነሥቶ ቆመ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ኢንሹራንስ የገባሁት ሰው ብጎዳ እንዲያሳክምልኝ ነው! እኔን አተርፋለሁ ብለው ያተረፉት ኢንሹራንሱን ነው። በየቀኑ በዘበኛው መስኮት በኩል ሳይዎት እንቅልፍ የለኝም። እባክዎ ይጎዱልኝ» አለ።

ከዚህ በኋላ ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሱሪውን ወደ ታች መለሰ። በዚያ ጊዜ የተባለው አልተመዘገበም።

ጸሐፊው ቀጥሎ ለልጁ ይህን ተናገረ፦ «ሰባ ሁለት ደረጃ ነው። ሰው በሌለበት ሞክሬው ነበር። ሰባቱን ወጥቼ በቂጤ ተመለስኩ። እናትሽ ያረፈችው እዚያ ቤት ነው፤ እኔ የሰው ቤት እንግዳ ሆኜ ማርጀት አልችልም።» ልጁ የሷ ቤት የሰው ቤት እንዳልሆነ ተናግራ አለቀሰች። ሰብሳቢዋ አምስት ደቂቃ ዕረፍት ሰጡ፤ እሳቸውም መነጽራቸውን ጠረጉ።

ከዕረፍቱ መልስ ጸሐፊው በአንድ ነገር ብቻ እፈርማለሁ አለ፤ ዛሬ የሚያድረው በገዛ አልጋው ላይ ከሆነ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ «ነገ ጠዋት እኮ ለሐኪም መልሰን እናወርድዎታለን፣ ምን ያደርግልዎታል?» አለ። ልጁ ግን፣ «ይሁንለት» አለች። ድምፅ የላትም፤ ቢሆንም ተቆጠረላት።

ውሳኔ

ከረጅም ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ የሚከተለው ተወሰነ። ቱቦው ከተጎጂነት ተነሥቷል። በሩ አይጎደጎድም፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው በሩን ራሱ ማቃናቱን እንደሆነው አድርጎ ይጻፍ፤ ኢንሹራንሱ ከከፈለው ይከፍለዋል፣ ካልከፈለው ለማቃናት የቸኮለው እሱ ነው። አደጋው አንዴ በቂ ስለሆነ አይደገምም። ልብስ ሰፊው ኋላውን ሳያይ መንዳቱን ይጻፍ፤ ሌሎቹ ያልሠሩትን ጥፋት የኔ ነው ያሉበትን ቃል ያንሡ። በአጠቃላይ ዛሬ በዚህ ስብሰባ ከዚህ ውሳኔ በፊት የተወሰነው በሙሉ፣ ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት በጨዋነት ከተፈረመው ሁሉ ጋር፣ ተሽሯል።

ጸሐፊው የእርማት ቃሉን እዚያው ጻፈ፦ «ተጎድቻለሁ። ጉልበቴን።» ሰብሳቢዋ ረዘም ያለ እንዲሆን ጠየቁ። ጸሐፊው ይኸም በዝቷል አለ። ወረቀቱን ነገ ሐኪም ቤት ደርሰው ሲመለሱ ልጁ ለኢንሹራንሱ ታደርሳለች።

ስብሰባው በ10 ሰዓት ከ20 ተበተነ። ጸሐፊው በልብስ ሰፊውና በኤሌክትሪክ ሠራተኛው እጅ ላይ ተቀምጦ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣ። ሦስተኛው ፎቅ ሲደርሱ «በቃ፣ ከዚህ በኋላ በራሴ» የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ሐሳቡ ደጋፊ በማጣቱ ወደቀ።