ፋብሪካው ያላሰበበት ሰርጓጅ መርከብ

በየሰፈሩ አንድ የማይጠፋ ሰው አለ፤ ደህና ዕቃ እያየ እጁን መሰብሰብ የማይችል። የተበላሸማ ማንም ይጠግናል። የሱ ጠላት ያልተበላሸው ነው።

የአንዲት የሰፈራችን ሴት ዕጣ ሆኖ እንዲህ ያለው ሰው ባሏ ነው። ጎረቤቱ «ክቡር አሻሻይ» ይላቸዋል። ካውያ ገዝተው ሲመጡ ገና ሳይሰኩት ይፈቱታል። ለምን ቢባሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ፋብሪካው አላሰበበትም።» ያሻሻሉት በር ከውስጥ ብቻ ይከፈታል፤ ያሻሻሉት የግድግዳ ሰዓት የሚሠራው ተዘቅዝቆ ሲሰቀል ነው። ሚስት ከዚህ መዓት ያተረፈችው አንዲት አዲስ ማንቆርቆሪያ ብቻ ነው፤ እሷንም ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋ፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ አስራ ነው። ሻይ የምታፈላው ክቡርነታቸው ሲወጡ ጠብቃ ነው።

ጡረታ ሲወጡ ታናሽ ወንድማቸው፣ እጃቸው ሥራ እንዳይፈታ ብሎ፣ እየገጣጠሙ የሚሠሯት በሪሞት የምትነዳ ትንሽ ሰርጓጅ መርከብ በካርቶን ላከላቸው። ጉድ ፈላ። የምግብ ጠረጴዛው ተወረሰ፤ ባልና ሚስት ሳህን ጭናቸው ላይ አድርገው መብላት ለመዱ። ክቡርነታቸው መርከቧን እንደ መመሪያው ገጣጠሟትና ወዲያው ፈቷት።

አብሯት የመጣው ሪሞት አንቴናው የተንዘላዘለ ነበር፤ «ይሄማ የጥንት ነው» ተብሎ በዘመናዊ ተቀየረ። ትእዛዝ ሲቋረጥባት መርከቧን በራሷ ወደ ላይ የምታወጣ ትንሽ ዕቃም ነበረች፤ «ለፈሪ ነው» ተብላ ተነቀለችና በቦታዋ ትልቅ ባትሪ ገባ።

«ተው እንጂ፣ የሠሯት ሰዎች ሳያውቁ ነው?» አለች ሚስት።

«አላሰቡበትም አልኩሽ። ደግሞ ስሚኝ፤ ይቺ ካልሠራች ሁለተኛ ካቻቢቴ አልነካም።»

ከተጋቡ ጀምሮ ስትመኘው የኖረችው ቃል ነው። ደስታዋን ዋጥ አድርጋ ሳህን ልታጥብ ሄደች።

የሙከራው ቀን የሰፈሩ መናፈሻ ኩሬ ዳር ጎረቤት ተሰበሰበ። መርከቧ ውሃው ላይ ስትንሸራተት፣ እውነት ለመናገር፣ ታምራለች። ጥለቂ ሲሏት ጠለቀች። ውጪ ሲሏት ግን ዝም። ለካስ የዘመናዊው ሪሞት ሞገድ አየር ላይ እንጂ ውሃ ውስጥ አይዘልቅም፤ ያ የጥንቱ ይዘልቅ ነበር። ፋብሪካው አስቦበት ኖሯል። ሚስት ውድቀቱን ልታይ ነበር የመጣችው፤ አሁን ግን በልቧ «ውጪ፣ እባክሽ ውጪ» እያለች መለመኗ ለራሷም ገረማት።

የመናፈሻው ዘበኛ በመረብ ጎትቶ ሲያወጣት ሆዷ ውሃ ሞልቶ ነበር።

ሰውየው ቃሉን ጠበቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሎን ውስጥ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይውላል። የወንበሩ እግር ሲወላገድ እንኳ አይቶ ያልፋል። ሚስት መጀመሪያ እሰይ አለች። በሩን አናጢ ጠርታ አሠራች፤ ጠረጴዛው ላይ በወጉ ተበላ። ኋላ ግን ዝምታው ከበዳት፤ ቤቷ የሰው ቤት መሰላት። ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ናፈቃት።

አንድ ቀን ከሰዓት ቁልፉን ከአንገቷ ፈታች። ማንቆርቆሪያዋን አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችና እጀታዋን ነካ ነካ አደረገች።

«ሳየው ሳየው» አለች፣ «ይቺን ፋብሪካው አላሰበበትም።»

ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ማንቆርቆሪያዋን አየ።

«እኔም ሳልናገር ቀርቼ ነው» አለና እጁን ኪሱ ከተተ። ካቻቢቴው ለካ ከዚያ ወጥቶ አያውቅም።