የብረት አስታማሚ

ሰውን ሰላም የማይል፣ ዕቃን ግን ደኅንነት የሚጠይቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ፔዳ ሰፈር ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ነው። ሰላም ስለው ቀና ብሎ አያውቅም። አከራያችን እንደነገሩኝ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ተመራማሪ ነው። ሥራው እንደ ዳቦ ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ብረት በማሽን ደጋግሞ እየተጫነና እየለቀቀ፣ በስንተኛው እንደሚደክም ማየት ነው። መብራት ከሄደ ሁሉም እንደ አዲስ ስለሚጀመር እሑድ እንኳ ከብረቷ አጠገብ አይለይም። ለታመመ ሰው አስታማሚ በጠፋበት ዘመን፣ ለብረት!

ባለፈው እሑድ ጣና ዳር ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተቀምጦ ብቻዬን ዓሣ መብላት አሳፈረኝና፣ እስቲ ይህን ጉድ ልየው ብዬ ላቦራቶሪው ድረስ ሄድሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ሰውዬው ማሽኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ብረቷን፣ “ደከመሽ እንዴ? አበዛሁብሽ?” ይላታል። ድምፁ እንዴት ይለሰልሳል!

ልስቅበት አፌን ከፈትሁ። የወጣው ግን፣ “አዎ፣ ደክሞኛል” የሚል ሆነ።

ደንግጦ ብድግ አለ። መጀመሪያ ያየው ብረቷን ነው። ኋላ ወደ በሩ ዞረ።

“ማን ልበል?”

“ጎረቤትህ ነኝ።”

ትንሽ አሰበና፣ “የትኛው?” አለኝ።