ትኬት ቆራጩ ገበሬ

ሁሉን የሚያውቅ ጎረቤት የሌለበት ሰፈር እስካሁን አልተቆረቆረም። ቢቆረቆርም ሰው አይበረክትበትም፤ የሚታማ ከሌለ ምኑን ሰፈር ሆነው? አቃቂ በባቡሩ ዘመን ብዙ ነገር ጎድሏት ይሆናል፤ በዚህ በኩል ግን እግዜር አልበደላትም። አቶ ሳህሌን ሰጥቷታል።

አቶ ሳህሌ በባቡር ጣቢያው ትኬት ቆራጭ ነበሩ። ከሐዲዱ ማዶ፣ ከወይዘሮ ዲንቄ በረት አጠገብ፣ አንድ ጥማድ በሬ ቁርስ ሳይደርስ አርሶ የሚጨርሳት መሬት ገዝተው እርሻ ጀመሩ። መሬቷ ትንሽ ብትሆንም ገበሬ ለመባል በቂያቸው ነበረች። ከሥራ ሲመለሱ የደንብ ኮፍያቸውን ሳያወልቁ ቦቲ ጫማ ያጠልቃሉ። ከዚያ አንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ የተወላቸውን ወፍራም የእርሻ መጽሐፍ በብብታቸው ይዘው ወደ አጥሩ ይመጣሉ። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ዲንቄ አለች።

ዲንቄ እዚያው ተወልዳ፣ እዚያው አግብታ፣ እዚያው ባሏን የቀበረች ሴት ናት። አባቶቿ ባቡሩ ሳይመጣ ጀምሮ ያንን ውሃ የሚያቁር ዋልካ መሬት አርሰውታል። እሷን ነው እንግዲህ አቶ ሳህሌ ሰባት ዓመት ሙሉ እርሻ ያስተማሯት። ሽምብራ በሰኔ እንድትዘራ መከሯት። «እሺ አቶ ሳህሌ» አለችና እንደ አባቶቿ ክረምቱ ሲወጣ ዘራች። ሽምብራው አምሮ ሲበቅል እሳቸው ከአጥሩ ላይ ተደግፈው፣ ምክር የሚሰማ ሰው እንዲህ ያገኛል ብለው ረክተው ሄዱ። የራሳቸውን ካሮት በሲባጎ ለክተው፣ መስመሩን እንደ ሐዲድ አቅንተው ዘርተውት ነበር። ሐምሌ ላይ ውሃ ተኛበትና በሰበሰ። ጥፋቱ የካሮቱ እንደሆነ ለዲንቄ አስረዷት። «መጽሐፉ ግልጽ ነው» አሉ።

ከሁሉ የከፋው ግን የጥንቸሎቹ ዓመት ነበር። መጽሐፉ የጥንቸልን ሥጋ ሲያወድስ አንብበው ከአንድ ፈረንጅ ሁለት ጥንቸሎች ገዙ። የነፍስ አባታቸው ነገሩን ሲሰሙ፣ እንኳን መብላት ማሰቡም ንስሐ ያስገባል አሏቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን ጥንቸሎቹ ሥራቸውን አላቋረጡም። አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። የአቶ ሳህሌን ቆስጣ ጨርሰው በአጥሩ ሥር ሾልከው የዲንቄን ጎመን ጀመሩ። ልትነግራቸው ስትሄድ እሳቸው ቀደሟት፤ እንስሳቱ ለምግብ ሳይሆን ለጥናት የተያዙ መሆናቸውን አስታወቋት። ጥናቱ አንድ ቀበሮ መጥቶ እስኪጨርሰው ድረስ ቀጠለ። ያን ቀን አቶ ሳህሌ ምሳቸውን እንዳልበሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ብዙወርቅ ለዲንቄ ነገረቻት።

በጣቢያውም ቢሆን ወደ ሞጆ የሚሄድ መንገደኛ ትኬት ሲጠይቅ አስቀድሞ ስለ ዶሮ በሽታ ይሰማ ነበር። ከመስኮታቸው ፊት ቆሞ ባቡሩ ያመለጠው ሰው እንዳለ ይወራል። ሰውዬው ግን ስለ ዶሮ በደንብ አውቆ ወደ ቤቱ ተመልሷል።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የዲንቄን ላም ዳለቻን ምጥ ያዛት። የዲንቄ ቤት የቆመው በዳለቻ ወተት ነው። የመንደሩ ወንዶች በሙሉ ደግሞ ለቀብር ወንዝ ማዶ ሄደዋል። ዲንቄ መጀመሪያ ላይ አልደነገጠችም። ጊዜው ሲረዝምባት ግን እጇን በሳሙና ታጥባ ብትዳስስ፣ የጥጃው አንድ የፊት እግር ወደ ኋላ ታጥፏል። እግሩን ብቻዋን ልታቃና ትችል ይሆናል፤ አቃንታ መሳብ ግን አቅሟ አይደለም። ወደ አጥሩ ሄዳ ተጣራች።

አቶ ሳህሌ ከሥራ መግባታቸው ነበር። መጽሐፉን ይዘው እየሮጡ መጡና በረቱ በር ላይ ቆመው ገጹን መግለጥ ጀመሩ። መፍትሔው ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ እንዳለ ሲናገሩ ላሟ አቃሰተችና ወደቀች። ዲንቄ ቀና ብላ አየቻቸው። ሰባት ዓመት አንቱ ያለቻቸውን ሰው፣

«ሳህሌ፣ መጽሐፉን ጣልና ገመዱን ያዝ» አለቻቸው።

ጭቃው ላይ ጣሉት። ዲንቄ ዓይኗን ጨፍና የታጠፈውን እግር በጣቷ እየፈለገች፣ እያባበለች አቃናችው፤ ሁለቱን እግሮች በገመዱ አሰረች። «ስታምጥ ሳብ፣ ስታርፍ ተው» አለች። እሳቸውም በደንብ ልብሳቸው ጭቃው ውስጥ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ከበረቱ ግንድ ላይ ተክለው ሳቡ፤ ተው ስትላቸው ተዉ። አንዲት ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ዲንቄ በኋላ ስታስበው ያን ቀን ከሁሉ ይበልጥ ያስፈራት የእሳቸው ዝምታ ነበር።

ጥጃው ወጣ። ግን አይተነፍስም። በኋላ እግሮቹ ይዘው እንዲያነሱት ነገረቻቸው፤ ደረታቸው ላይ አስደግፈው ቁልቁል አንጠለጠሉት። አፍና አፍንጫውን ጠርጋ ጭድ በአፍንጫው ሰደደች። ምንም የለም። ደግማ ሰደደች። አቶ ሳህሌ ጎንበስ ብለው፣ ለማንም እንዳይሰማ በሚመስል ድምፅ፣ «ተነስ እንጂ ልጄ» አሉት።

ጥጃው ፊታቸው ላይ አስነጠሰ።

ያን ቀን አቶ ሳህሌ ታጥበው፣ ምንም ምክር ሳይሰጡ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሰኞ ዕለት ግን ዲንቄ ጎመን ልትሸጥ ጣቢያው አካባቢ ስትደርስ ወሬው ቀድሟታል። አቶ ሳህሌ ከመስኮታቸው ኋላ ሆነው ላም እንዴት እንደሚያዋልዱ ሲያስረዱ ነው የዋሉት። እግሩ ሲታጠፍ ዋናው ነገር አለመደናገጥ ነው አሉ አሉ። ዲንቄ ቅር አላት።

ያንኑ ዕለት አመሻሽ ላይ አጥሩ ሥር ሣር ስታጭድ የአቶ ሳህሌ ድምፅ ከጓሮ በኩል ተሰማት። ለብዙወርቅ ነው የሚያወሩት።

«እኔ እኮ ደንግጬ ነበር» ይላሉ። «ሁለቱንም ያተረፈችው ሴትዮዋ ናት። እኔ ገመድ ነው የያዝኩት።»

ብዙወርቅ ይህን ለጣቢያው ሰዎች ለምን እንዳልተናገሩ ጠየቀቻቸው።

«እሱንማ ከተናገርኩ» አሉ፣ «ነገ ማን ይሰማኛል?»

ዲንቄ ማጭዷን ይዛ እንደ ጎነበሰች ቀረች። ሣሩን ሳትጨርስ ቀስ ብላ፣ ኮቴዋን ሳታሰማ ገባች።

በማግስቱ አቶ ሳህሌ ወደ አጥሩ መጡ። መጽሐፉ ጭቃው እስኪደርቅ ገና ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ስለነበር ባዶ እጃቸውን ናቸው፤ ቆመው ጥጃውን ያያሉ። ዲንቄ ከልጅነቷ ጀምሮ ከሠላሳ በላይ ጥጆች አሳድጋለች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጠጋ አለች።

«እስቲ ይንገሩኝ አቶ ሳህሌ» አለች፣ «ይህ ጥጃ ጡት መጣል ያለበት በስንት ወሩ ነው?»

አቶ ሳህሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

ዲንቄ ነገሩ እንደሚረዝም ታውቃለች። ባልዲዋን ደፍታ ተቀመጠችበት።